የአፍንጫ ዕዳ

ዝናቡ በጊዜው አልመጣም። ከጊዜውም በኋላ አልመጣም። ግድቡ ወረደ፤ ጭቃው ታየ፤ ጭቃውም ተሰነጠቀ። ውሃ ለከተማው በፈረቃ ተሰጠ፤ ቆይቶ ፈረቃውም ቀረ። በግቢያችን ያሉ ዛፎች ያለ ወቅታቸው ቅጠላቸውን ጣሉ። አቧራው በተዘጋ መስኮት ይገባ ነበር። መጀመሪያ ቤተ መጻሕፍቱ ተዘጋ፤ ቀጥሎ የምሥራቁ ሕንጻ ተዘጋ። ሰው ሁሉ ይስል ጀመር። ሽማግሌና ሕፃን ብዙ ሞተ። እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ አልሞትኩም። አፍንጫ ግን ሞተች።

እኔ የኬሚስትሪ ላብራቶሪው ዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂ ነኝ። ትምህርቴ ትንሽ ነው። ማንበብ፣ መጻፍና መቆለፍ እችላለሁ። ልጆቹ ጋሼ ቁልፍ ይሉኛል። በግምጃ ቤቱና በላብራቶሪው መካከል አንዲት ትንሽ የመስታወት መስኮት አለች። ዕቃ የማቀብለው በእሷ ነው። ሥራቸውን ሁሉ በእሷ አያለሁ። የማየውን ሁሉ አውቃለሁ አልልም። አያለሁ ግን።

አፍንጫ ኬሚስት ነበረች። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ሳቋ አጭር። ስሙ የወጣላት በሥራዋ ነው። ክዳኑ የተዘጋ ጠርሙስ አጠገብ ቆማ በውስጡ ያለውን ትናገራለች። አንድ ቀን ኃላፊው ከምሳ ሲመለስ ምን እንደበላ ከኮሪደሩ ጫፍ ነገረችው።

«ከማን ጋር እንደበሉስ ልንገርዎት?» አለችው።

ኃላፊው ቢሮው ገብቶ በሩን ዘጋ። ከዚያ ወዲያ ምሳውን ቢሮው ውስጥ ይበላ ጀመር።

ሥራዋ ኤስተር ነው። አሲድና አልኮል አብረው ሲፈሉ የሚወለድ ዘይት ነው። አብዛኛው ደስ የሚል ሽታ አለው፤ አንዱ የሙዝ፣ አንዱ የአናናስ። ሌሎቹ ኬሚስቶች እነዚያን ሲሠሩ ከመስኮቴ ፍራፍሬ ቤት የተቀመጥኩ ይመስለኛል። የእሷ ግን ፍራፍሬ አልነበረም። ሹል ሽታ ነው፤ የኳስ ተጫዋቾች እግር የሚታሽበት ዓይነት። መገጣጠሚያ ያሞቃል፤ ሕመም ያደነዝዛል። የሠራችው ለእናቷ ጉልበት ነበር።

እናቷ ፍራሽ ሰሪ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ ወለል ላይ ተንበርክካ ጥጥ ስትነድፍ፣ ስትሞላ፣ ስትሰፋ ኖራለች። ልጇን ያስተማረችው በጉልበቷ ነው ቢባል ማጋነን አይደለም። አፍንጫ ትምህርት ቤት ሳለች ለእናቷ ቃል ገባች፦ «በእጄ አጣርቼ የምሠራው የመጀመሪያው ንጹሕ ነገር ላንቺ ጉልበት ነው።» ይህን ራሷ ነግራኛለች። ስትነግረኝ ትስቅ ነበር። ቆይታ ግን መሳቁን ተወች።

ምክንያቱም ዘይቱ አልጠራም።

እንዴት እንደሚሠራ ያየሁትን ልናገር። ካፈላችው በኋላ ታቀዘቅዘዋለች። ሆዱ ሰፊ፣ ከታች ቧንቧ ባለው የመለያ ብልቃጥ ውስጥ ከውሃ ጋር ትጨምረዋለች። ዘይቱና ውሃው ይለያያሉ። የሶዳ ውሃ ጨምራ ትንጠዋለች፤ የቀረው አሲድ እየሞተ ጋዝ ይሠራል። ብልቃጡን ገልብጣ ቧንቧውን ቀስ አድርጋ ስትከፍት ፍሽሽ ይላል። ያንን ድምፅ ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ እለየዋለሁ። ከዚያ ውሃ የሚመጥ ነጭ ጨው ትጨምርበታለች። ጨውን ለማስቀረት በማጥለያው አንገት ላይ ትንሽ ጥጥ ወትፋ በላዩ ታንቆረቁራለች። በመጨረሻ በቀስታ እያፈላች በቀዝቃዛ ቱቦ ታወርደዋለች። ጠብ። ጠብ። ውሃ በጠፋበት በዚያ ወቅት ቱቦውን የምታቀዘቅዘው በአንድ በርሜል ውሃ ነበር፤ በትንሽ ፓምፕ ሄዶ ይመለሳል። ለመጠጥ ያልተገኘ ውሃ በመስታወት ውስጥ ሲዞር ማየት ያሳፍር ነበር።

ከዚያ ማሽኑ አለ። በመርፌ አንዲት ጠብታ ይሰጡታል፤ ጋዝ ይነፋባታል፤ ብዕሩ በወረቀት ላይ መስመር ያሰምራል። ንጹሕ ነገር አንድ ተራራ ብቻ ይሠራል። የአፍንጫ ዘይት ግን ትልቁ ተራራ ከመምጣቱ በፊት አንዲት ትንሽ ጉብታ ታሳያለች። ሁልጊዜ። እዚያው ቦታ ላይ።

«ተከራይዋ ዛሬም አልወጣችም» ትለኝ ነበር ወረቀቱን በመስኮቴ እያሳየችኝ። «ኪራይ አትከፍል፣ ቤት አትለቅ።»

«ፖሊስ ጥሪባት» እላታለሁ።

«ፖሊሱ እኔ ነኝ እኮ፣ ጋሼ። መጥፎ ፖሊስ።»

ደግማ አፈላችው። ተከራይዋ ከባለቤቱ ጋር አብራ ፈልታ አብራ ወረደች። ብልቃጦቹን ቀየረች። አሲዱን ቀየረች። አልኮሉን ቀየረች። አንዳንዴ በወረቀቱ ላይ ጎንበስ ብላ ስታይ፣ የማታስታውሰውን ሰው ፎቶግራፍ የምታይ ትመስል ነበር።

ኃላፊው አንድ ቀን፣ «ለጉልበት ነው፤ አትጠጣው! እንዲሁ ስጫት» አላት።

«ንጹሕ ነው ያልኩት። እንዲሁ አላልኩም» አለችው።

ምትክ የመጣችው በዚያ ጊዜ ነው። ሌላ ስም አላት፤ ነገር ግን የሄደ ሰው ቦታ ላይ ስለተቀጠረች ምትክ አልናት፤ በዚያው ቀረ። ሥራ እንድታስተምራት ለአፍንጫ ተሰጠች። የመጀመሪያ ቀኗን አልረሳም። ዘይቱና ውሃው ሲለዩ ምትክ የታችኛውን ንብርብር ወደ ቆሻሻ ባልዲ ልትለቅ ቧንቧውን ያዘች።

«እጅሽን!» አለች አፍንጫ። «ማነው የታችኛው ውሃ ነው ያለሽ?»

«ዘይት ይንሳፈፋል ብዬ ነው…»

«ሌላው ይንሳፈፋል። ይሄ ይሰምጣል። እንደ እኔ ነው፤ ከባድ ነው።» ያን ጊዜ ነፋስ ቢነፍስ የሚወስዳት ቀጭን ነበረች። «ስሚ፣ እህቴ። ሥራው እስኪያልቅ አንዱንም ንብርብር አትጣይ። የምትፈልጊው የትኛው ውስጥ እንዳለ የምታውቂው በመጨረሻ ነው።»

ምትክ ጆሮዋ ቀልቶ፣ «እሺ» አለች። ከዚያ ቀን ወዲያ ከአፍንጫ ጎን አልጠፋችም።

ደረቁ ወቅት ሲጸና አፍንጫ ሳል ያዛት። እየሳለች ሠራች። አንድ ቀን ቀትር ላይ ጋዋኗን ምስማሩ ላይ ሰቀለች፤ በመስኮቴ አንገቷን አስገብታ፣ «ጋሼ፣ ትንሽ ልረፍ» አለችኝ። ከንፈሯ ደርቆ ነበር። «ተከራይዋን ጠብቅልኝ።» ሄደች። አልተመለሰችም። በሳምንቱ ቀበርናት። መሬቱ ስለደረቀ ቆፋሪዎቹ ተቸገሩ።

ጋዋኗን ከምስማሩ ላይ ያወረደ የለም። ማንም አታውርዱ አላለም። ሰው ሁሉ በጎኑ ያልፍ ነበር፣ አልጋ ላይ የተኛ ሰው ላለመቀስቀስ እንደሚያልፍ።

ምትክ ሥራውን ቀጠለች። ማንም አላዘዛትም። የአፍንጫን ብልቃጦች አውጥታ አጥባ፣ ከአሲዱ ጀምራ እንደገና ሠራች። ወረቀቱ ሲወጣ የጽዳት ሠራተኛዋ ወለል እየወለወለች በምትክ ትከሻ ላይ አሻግራ አየች። ትልቁ ተራራ አለ። ከፊቱ ትንሿ ጉብታ አለች።

«መጣች» አለች ጽዳቷ። መወልወያውን ይዛ ቀረች።

ከዚያ ወዲያ ተከራይ ማለት ቀረ። ወረቀት በወጣ ቁጥር ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «መጣች?» ይላል። ምትክ፣ «መጣች» ትላለች። እንደዚህ ሆነ። ማን እንደጀመረው እንጂ ማን እንደሚያቆመው የሚያውቅ አልነበረም።

እኔ ወሬ አልወድም። ያየሁትንና የሰማሁትን ብቻ ነው የምጽፈው። ቀትር ላይ ሁሉም ምሳ ሲወጣ እኔ ግምጃ ቤት እቀራለሁ። ጥርስ ስለሌለኝ ምሳዬ ረጅም ነው። አንድ ቀን ከግድግዳው ወዲያ ፍሽሽ ሲል ሰማሁ። ብልቃጥ ተገልብጦ ቧንቧ ሲከፈት የሚወጣው ድምፅ ነው። ተነሥቼ ገባሁ። ማንም የለም። የመለያው ብልቃጥ በቀለበቱ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ባዶ ነው፤ ደረቅ ነው። ጋዋኑ ምስማሩ ላይ ነው። ሹሉ ሽታ ግን አለ።

በሌላ ቀን ደግሞ ሰማሁ። ያን ጊዜ ግን ተነሥቼ አላየሁም። ቁርሴንም ምሳዬንም ወደ በረንዳ አዛወርኩ።

እናቲቱ በየሳምንቱ ትመጣ ጀመር። በግቢው በር አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ ትቀመጣለች። ያለ ፈቃድ ወደ ውስጥ ማስገባት ክልክል ነው፤ ደንቡን የማስከብረውም እኔ ነኝ። ወጥቼ አጠገቧ እቆማለሁ። እጆቿ ትልልቅ ናቸው፤ በጥፍሮቿ ሥር የጥጥ ብናኝ አለ።

«ደረሰ?» ትለኛለች።

«አልደረሰም።»

«ቁልፉ አንተ ዘንድ፣ ዘይቱ እዚያ። ምን ያዘህ?»

«ቁልፍ ዘይት አያጠራም፣ እትዬ።»

«ታዲያ ምን ይሠራል ቁልፍ?»

«ይዘጋል።»

«ይህንንስ አይቻለሁ» ትለኛለች በሩን እያየች።

አንድ ቀን አፍንጫ ከመታመሟ በፊት የሠራችውን የመጨረሻ ጠርሙስ ልስጣት ብዬ አሰብኩ። ግምጃ ቤት አስቀምጬዋለሁ። ጉብታ አለበት እንጂ ጉልበት ያሻል። ነገርኳት።

«ጨርሳዋለች?» አለችኝ።

«አልጨረሰችውም።»

«እንግዲያው አልቀበልም።» ከዚያ ቀስ ብላ ቀጠለች፦ «እኔ ጉልበቴን አጥቼ ነው የምመላለሰው? ጉልበት ድሮ ሄዷል። ልጄ ቃል ሰጥታ ሳትፈጽም ነው የሄደችው። ዕዳ ይዛ ነው የተኛችው። እንዴት ይመቻታል? ቤቴ፣ ጥጡ ላይ እጇን እሰማለሁ፤ ከክምሩ ሥር ስትፈልግ፣ ስትፈልግ። ‘ምን ጠፋብሽ?’ እላታለሁ፤ አትመልስም።»

ቆቤን አስተካከልኩ።

ይህን ለምትክ ነገርኳት። ባልነግራት ይሻል ነበር ይሆናል። ፊቷ ከዚያ ቀን ወዲያ ተለወጠ። ከሁሉ ቀድማ ትገባለች፤ ከሁሉ በኋላ ትወጣለች። አዲስ ጨው ጠየቀችኝ፤ ሰጠኋት። ብልቃጦቹን በእሳት አደረቀች። የማሽኑን መርፌ ለወጠች፤ የመርፌ መግቢያውን ላስቲክ ለወጠች። ማሽኑ ራሱ ታምሞ እንደሆነ ብላ ጠብታ የምታቀጥንበትን ባዶ ማሟሚያ ፈሳሽ ብቻ ሰጠችው፤ መስመሩ ለጥ ብሎ ወጣ፤ ጉብታ የለም። ዘይቱን ስትሰጠው፣ መጣች። አንድ ጊዜ በመስኮቴ ሳይ ከጋዋኑ ፊት ቆማ ነበር። እጅጌውን በሁለት ጣቷ ይዛለች።

«እባክሽ» አለችው። «ወይ ንገሪኝ፣ ወይ ልቀቂኝ።»

መስኮቷን ቀስ ብዬ ዘጋሁ።

ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበረም። ይሁን እንጂ ጠራትና እኔ ባለሁበት እንዲህ አላት፦ «የማሽኑ ጋዝ ይኸው ሲሊንደር ብቻ ነው የቀረው። ሌላ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። ጠቋሚው ተኝቷል። ይህን ዘይት ትንሽ ትሞክሪያለሽ፤ ከዚያ በኋላ ይዘጋል። ብልቃጦቹ ለሌላ ሥራ ይፈለጋሉ። ጋዋኑም ይወርዳል።»

«እሷስ?» አለች ምትክ።

«እሷ ማን?» አለ ኃላፊው። ወዲያው የጠየቀው ጸጸተው መሰለኝ፤ ቀና ብሎ አላያትም።

የዚያን ሳምንት ዝናብ መጣ። ዘግይቶ፣ ብዙ ሆኖ፣ እንደ ባለጌ እንግዳ። ቧንቧው ውስጥ መጀመሪያ አየር ተንኮራኮረ፤ ከዚያ ቀይ ውሃ መጣ። ሰው ተሳሳቀ። ምትክ አልሳቀችም። ጥጡ ማለቁን እያየች ነበር።

ስለ ጥጡ ልናገር። ዕቃ አቅራቢው ጥጥ ማምጣት ካቆመ ቆይቷል። በግምጃ ቤቴ ያለችውን ትንሽ ጥቅል ለቁስል መጥረጊያ እንጂ ለሌላ አልሰጥም። ስለዚህ አፍንጫ ይህን ዘይት መሥራት ስትጀምር ጥጡን ከእናቷ ታመጣ ነበር፣ በከረጢት ሞልታ። «በውሰት ነው ያለችኝ» ትል ነበር። «ጋሼ፣ አንድ ቀን ትመልስላታለህ። የእናቴ ጥጥ ከበረዶ ይነጣል።» እውነት ነው፣ ነጭ ነበር፤ ዘር የለው፣ ጉድፍ የለው። ምትክም በዚያው ከረጢት ቀጠለች። አሁን ከረጢቱ ባዶ ሆነ።

«ሄደን እንጠይቃት» አለችኝ። «አብረውኝ ይሂዱ። ብቻዬን ፊቷን ማየት አልችልም።»

ሄድን። መንገዱ ጭቃ ነበር። የፍራሽ ሰሪዋ ቤት አንድ ክፍል ነው፤ ግማሹን የጥጥ ክምር ይዞታል። የጥጥ መንደፊያው ደጋን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። መሃል ወለል ላይ ግማሹ የተሞላ ፍራሽ አፉን ከፍቶ ተጋድሟል፤ ረጅሙ መርፌ ጨርቁ ላይ ተተክሏል። እናቲቱ ማቅ ላይ ተቀምጣ እግሮቿን ዘርግታ ነበር።

«ደረሰ?» አለች ሳትነሣ።

«ጥጥ አለቀብን፣ እማማ» አለች ምትክ።

«ጥጥ ብቻ ከሆነ ያለቀው፣ ምን ችግር አለ። ቁጭ በሉ። ቁልፉም ይቀመጥ፤ እዚህ የሚዘጋ ነገር የለውም።»

ተቀመጥን። እናቲቱ ከአጠገቧ የቆርቆሮ ጣሳ አነሣች። ክዳኑን ከፈተች። ቢጫ የረጋ ቅባት ነው። በጣቷ ዛቅ አድርጋ አንዱን ጉልበቷን አሸች፤ ሌላውን አሸች። ጉልበቶቿ እንደ ዛፍ ጉጥ ያበጡ ናቸው። አሽታ ስትጨርስ እጇን ምንም ሳትጠርግ ወደ ጥጡ ክምር ከተተች። እፍኝ እፍኝ እያወጣች፣ እየበጣጠሰች፣ እያፍታታች፣ ወደ ከረጢታችን ትጨምር ጀመር።

እኔ ሽታውን ሰምቻለሁ። የአሮጌ ሰው ቤት እንዲህ ይሸታል አልኩ፤ የእኔም ቤት ይሸታል። ምትክን ሳይ ግን ፊቷ ገርጥቷል። ከረጢቱን የያዘ እጇ ተንጠልጥሎ ቀርቷል።

«እማማ» አለች። «ይህ ቅባት ምንድን ነው?»

«ካምፎር፣ የሚሸተው ነጭ ሙጫ። ከሞራ ጋር ራሴ አቀልጠዋለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የሚጠቀሙበት?»

«ኧረ ልጄ፣ እሷ ሳትወለድ ጀምሮ ነው። ጡት ሳጠባት እንኳ እጄ ይህንኑ ይሸት ነበር። ምነው? ከፋሽ?»

«አልከፋኝም» አለች ምትክ። «አልከፋኝም፣ እማማ።»

ከረጢቱን ተቀብለን ወጣን። ከበሩ ጥቂት እንደራቅን ምትክ እርጥብ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። ቀሚሷ ረጠበ፤ አላወቀችውም።

«የሁሉን ሽታ ትለይ ነበር» አለች። «የሁሉን! የኃላፊውን ምሳ እንኳ። ይህንን ግን አልሸተታትም። እንዴት ይሸታታል? ተወልዳ ዓይኗን ስትገልጥ የነበረ ሽታ ነው። ለእሷ ይህ ሽታ አይደለም፣ ጋሼ፤ ለእሷ አየር ነው።»

ምን ማለቷ እንደሆነ ያን ጊዜ አልገባኝም። በማግስቱ ገባኝ።

በማግስቱ ከከረጢቱ ትንሽ ጥጥ ወስዳ በማሟሚያ ነከረች፤ ጨመቀች፤ ከጭማቂው ጠብታ ለማሽኑ ሰጠች። ዘይት የለበትም። አሲድ የለበትም። ከእናቲቱ ጥጥ በቀር ምንም የለበትም። ጽዳቷ መወልወያዋን ይዛ መጣች። ኃላፊውም ከቢሮው ወጥቶ በሩ ላይ ቆመ። እኔ በመስኮቴ አየሁ። ብዕሩ ለጥ ብሎ ሄደ፤ ሄደ፤ ከዚያ ተነሣ። ትንሿ ጉብታ። እዚያው ቦታ ላይ። ተመልሶ ለጥ አለ። ተራራው የሚመጣበት ደረሰ፤ አለፈ፤ ተራራ አልመጣም።

«ብቻዋን መጣች» አለች ጽዳቷ። እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ጠጉሬ ቆመ። ምክንያቱን እያወቅሁ ቆመ።

ጋዙ የቀረው ለአንድ ሙከራ ብቻ ነበር። ምትክ ዘይቱን እንደገና ከሥሩ ሠራች። ጥጥ የሚባል ነገር አላስጠጋችም። ጨውን ጨምራ ወደ ታች እስኪሰክን እጇን አጣጥፋ ጠበቀች፤ ከዚያ ብልቃጡን አዘንብላ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ ከላይ የጠለለውን ብቻ ቀዳች። ሕፃን ከእንቅልፉ ሳይነቃ ከክንድ ወደ አልጋ የምታስተላልፍ ይመስል ነበር። በቱቦው አወረደችው። ውሃው አሁን ከቧንቧ ነው፤ ይፈሳል። ጠብ። ጠብ። ለማሽኑ ሰጠችው።

አንድ ተራራ ወጣ። ከፊቱ ምንም የለም።

«መጣች?» አለች ጽዳቷ ከኮሪደሩ።

«አልመጣችም» አለች ምትክ።

ማንም አልተደሰተም። ክፍሉ ውስጥ አንድ ሰው ወጥቶ በሩን ቀስ ብሎ የዘጋ መሰለን። ኃላፊው ሲሊንደሩን በራሱ እጅ ዘጋ። ምትክ ወንበር ላይ ተቀምጣ ዓይኖቿን በክርኗ ሸፈነች። በዚያ ቀን ቀትር ወደ ግምጃ ቤቴ ተመልሼ ምሳዬን በላሁ። ጆሮዬን ሰጠሁ። ከግድግዳው ወዲያ ምንም አልነበረም። ብዙ ጊዜ የፈራሁት ድምፅ በመቅረቱ ምሳው አልወርድ አለኝ።

ወደ እናቲቱ ስንሄድ ምትክ ዘይቱን በምግብ ዘይት አቅጥና በንጹሕ ጠርሙስ ይዛለች። እኔ ሁለት ነገር ያዝኩ። አንዱ ለቁስል ያስቀመጥኩት የጥጥ ጥቅል ነው። ሌላውን ለምትክ አልነገርኳትም፤ በኪሴ ነው።

«እንንገራት?» አለችኝ ምትክ መንገድ ላይ።

«ምን ብለን?»

«እውነቱን።»

«እውነቱ ምንድን ነው?»

«እኔ እንጃ» አለች።

እናቲቱ ፍራሹን እየሰፋች ነበር። ቀና ብላ ምትክን አየች፤ «ደረሰ?» አላለችም። መርፌውን ጨርቁ ላይ ተከለች። ምትክ ተንበርክካ ጠርሙሱን በሁለት እጇ ሰጠቻት።

እናቲቱ ከፈተችው። አሸተተችው። ደግማ አሸተተችው።

«ማንንም አይሸትም» አለች።

«ንጹሕ ነው፣ እማማ።»

«ንጹሕስ ነው።» ጠርሙሱን ወደ ብርሃን ያዘችው። «ታዲያ ይህን ያህል ዘመን ምን ነበር ያስቸገራት?»

ምትክ ወደ እኔ አየች። እኔ ወደ መርፌው አየሁ።

«እርስዎ ነበሩ፣ እማማ» አለች ምትክ። «ጥጡ ላይ… ከእጅዎ የካምፎሩ ቅባት ነበረበት። ዘይቱን ስናጠልልበት አብሮ ይገባ ነበር። እሷ ግን አልሸተታትም። ሌላውን ሁሉ ቀየረች፤ ጥጡን ግን አልቀየረችም።»

የእናቲቱ እጅ ጉልበቷ ላይ ቆመ። ልትጮህ ነው አልኩ። እሷ ግን ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች።

«አንተ ሰውዬ» አለችኝ። «በር ላይ የምታስቀምጠኝ!»

«አቤት፣ እትዬ።»

«ገብቼ ነበር ለካ።»

ሳቀች። ሳቋ አጭር ነበር፤ የማውቀው ሳቅ ነው። እንባዋ ግን ረጅም ሆነ። አልጠረገችውም።

ያን ጊዜ ከኪሴ የአፍንጫን የመጨረሻ ጠርሙስ አወጣሁ፤ ጉብታ ያለበትን። ወለሉ ላይ አስቀመጥኩት። እናቲቱ ማን እንደሠራው አልጠየቀችም። ከፍታ አሸተተች፤ ዓይኗን ጨፈነች፤ ክዳኑን አጥብቃ ዘጋች። አፉን በከፈተው ፍራሽ ውስጥ ሳይሆን በደረቷ ውስጥ ሸጎጠችው።

«ይቺ የእኔ ናት» አለች። «ያኛው ዕዳ ነው።»

ጥጡን አቀረብኩላት። «ይህም ውሰቱ ነው» አልኳት።

በጣቷ ቆንጠር አድርጋ አየችው። «የፋብሪካ!» አለች። «ይህን ፍራሽ ውስጥ ብከተው የሚተኛበት ሰው ይከሰኛል። ተወው፣ ይሁን። ተቀብያለሁ።»

ከዚያ ቀሚሷን ከጉልበቷ ሰበሰበች። ከንጹሑ ዘይት መዳፏ ላይ ጠብ አደረገች። አንዱን ጉልበቷን አሸች፤ ሌላውን አሸች። ቀስ ብላ፣ ምንም ሳታስቀር። ሹሉ ሽታ ክፍሉን ሞላው። አሽታ ስትጨርስ እጇን በማቁ ደህና አድርጋ ጠረገች፤ ከዚያ በእኔና በምትክ ትከሻ ላይ አሻግራ ከኋላችን ወዳለው በር አየች።

«ተቀብያለሁ፣ ልጄ» አለች። «አሁን ተኚ።»

በሩ ክፍት ነበር። እኔም ምትክም ዞረን አላየንም።